የሪንግሊንግ ሰርከስ የማን ነው? ጥያቄና መልስ

አሜሪካንን በባቡር ሲዞር የኖረው «ሪንግሊንግ ብራዘርስ ኤንድ ባርነም ኤንድ ቤይሊ» ሰርከስ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ነው። አደራ፣ ፖስተር ላይ ያለውን ስምና ባለቤቱን አትቀላቅሉ።

ሸገር፦ ጋሼ፣ ባርነምና ሪንግሊንግ ሸሪኮች ነበሩ አይደል?

መልስ፦ አልነበሩም። የሌላ ሰርከስ ባለቤት የነበረው ባርነም የሞተው በ1891 ነው። የሪንግሊንግ ወንድሞች የባርነምና የቤይሊን ሰርከስ የገዙት በ1907፣ የባርነም ሸሪክ ቤይሊ በሞተ በዓመቱ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ሲያዞሩ ቆይተው በ1919 አንድ አደረጓቸው።

ቡና ጠጡ፦ ታዲያ ከቤተሰቡ እጅ እንዴት ወጣ?

መልስ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ሁሉም ሰው ባርነም ባርነም ይላል፤ ዋናው ታሪክ ግን 1929 ላይ ነው። ያኔ ሰርከሱን የሚመራው ጆን ሪንግሊንግ ነበር። ሰርከሱ የሚታይበት የኒውዮርኩ አዳራሽ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን «አርብ ማታ ለቦክስ ልቀቅልን» አለው። አሻፈረኝ አለ። አዳራሹም ቦታውን ለተፎካካሪው ለአሜሪካን ሰርከስ ኮርፖሬሽን ሰጠ። የጆን ደም ፈላ። ተፎካካሪውን ከነአምስት ሰርከሱ ጠቅልሎ ገዛው! ዋጋው 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ያውም በብድር። ሁለት ወር ሳይሞላ የአክሲዮን ገበያው ዎል ስትሪት ተንኮታኮተ። ትኬት የሚቆርጥ ጠፋ፣ ዕዳው አልከፈል አለ። በ1932 አበዳሪዎቹ ሥልጣኑን ነጥቀው ሳም ጉምፐርትዝ የሚባል ሰው አስቀመጡበት። ጆን በ1936 ሲሞት ባንክ ውስጥ የነበረው 311 ዶላር ብቻ ነው ይባላል። ሳራሶታ ያለውን ቤቱንና የድሮው ታዋቂ ሠዓሊ የሩቤንስን ሥዕሎች ግን ለፍሎሪዳ ግዛት ተናዟል። ድሃ አልነበረም፤ ያጣው ጥሬ ብር ነው። በኋላ የእህቱ ልጅ ጆን ሪንግሊንግ ኖርዝ ብድሩን አስተካክሎ ሰርከሱን መልሶ ያዘው።

የፒያሳ ልጅ፦ የባርቢ ኩባንያ ገዝቶት ነበር የሚባለው ቀልድ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኖርዝ በ1967 ለኮንሰርት አዘጋጁ ለነ ኧርቪን ፌልድ በ8 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ የፊርማውን ሥነ ሥርዓት ያደረጉት ሮም ኮሎሲየም ነው፣ ለጉራ። እነ ፌልድ በ1971 ለባርቢ ሠሪው ለማቴል ሸጡ፤ በ1982 መልሰው ገዙ።

ዝምተኛው፦ ሰርከሱን የገደለው ዝሆኖቹን ማስወጣታቸው ነው። ያለ ዝሆን ምን ሰርከስ አለ?

ሸገር፦ በሰንሰለት የታሰረ እንስሳ ያዝናናሃል እንዴ?

ዝምተኛው፦ እኔ ስለ ገበያው ነው ያልኩት!

ሸገር፦ ገበያውማ በፊትም ቀዝቅዞ ነበር።

መልስ፦ እናንተ ልጆች፣ ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ዝሆኖቹ በ2016 ወጡ፣ በ2017 ሰርከሱ ተዘጋ። ከዚያ በላይ የኔ ርዕስ አይደለም።

ማሙሽ፦ የሪንግሊንግ ቤተሰብ ታዲያ አሁን ስንት ያገኝበታል?

መልስ፦ ምን አልኩ? ስም ሌላ፣ ባለቤት ሌላ! ቤተሰቡ በ1967 ሸጦ ወጥቷል። ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ሰርከሱ ትንሽ ቢነግሩን?

መልስ፦ ስለ ምኑ?

አዲስ ገቢ፦ ማለቴ... አሁን የማን ነው?

መልስ፦ የፌልድ ቤተሰብ! በ2023 ያለ እንስሳ መልሰው የከፈቱትም እነሱ ናቸው። ከዚህ በኋላ «የማን ነው» ለሚል አልመልስም።