48 ሰዓቱ ከመቼ ነው የሚቆጠረው?

ባለፈው ሰሞን እዚህ ኮምቦልቻ የጎረቤቴ ልጅ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምትማር፣ ቡና እየጠጣን "ጋሼ፣ ይሄ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት 48 ሰዓት የሚባለው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?" አለችኝ። ሰው ከተያዘበት ሰዓት ነዋ፣ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ የመንገድ ጊዜ ሳይታሰብ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 3 ብዬ ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የምጽፍላችሁ ለዛ ነው እንጂ ምክር እንኳን ብዙም አይሆንልኝ።

ዳኛ ነበርኩ። ነሐሴ 1990፣ ደሴ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ፣ ኮቱ የሰፋኝ ልጅ። ፍርድ ቤት ለክረምት ዝግ ስለሆነ ተረኛ ችሎት ላይ ነኝ። ቀኑ አርብ ነሐሴ 15፣ በነጋታው የፍልሰታ ፍቺ፣ ቤቴ ኮምቦልቻ፣ እና ሐሳቤ በሙሉ ሳይመሽ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን የሐረጎን ተራራ መውረድ ላይ ነው። የክረምቱን የሐረጎ ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። ደግሞ የዛን ጊዜ ሞባይል የለም፣ ከመሸብህ መሸብህ ነው።

አስር ሰዓት አካባቢ መርማሪው የመጨረሻውን የጊዜ ቀጠሮ (ተጠርጣሪውን አስሮ ለመመርመር ቀን የሚጠየቅበት) መዝገብ ይዞ ገባ። ተጠርጣሪው የሚኒባስ ረዳት ነው፣ ሃያ ቢሞላው ነው፣ አንድ እግሩ ላይ ሸበጥ የለም። መናኸሪያ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ ነው ነገሩ። ምስክር ልቀበል 14 ቀን ይሰጠኝ አለ መርማሪው። ወረቀቱን ሳየው የተያዘበት ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ 11 ተብሎ ተጽፎ ሁለተኛዋ አንድ ላይ በጥቁር ጭረት ተጨምሮባት 14 ሆናለች። አየሁት። አላየሁም ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን አየሁት። 11 ሰኞ ነው፣ ሰኞ ከሆነ የተያዘው አራት ቀን አልፎታል ማለት ነው፣ ፖሊስ ጣቢያው ደግሞ ከችሎቱ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ልጁ እጁን አወጣና "ክቡር ዳኛ እኔ..." ሲል "ቆይ" አልኩት፣ መርማሪው የጠየቀውን 14 ቀን ወደ 10 ዝቅ አደረግኩና ፈረምኩ። እንደውም ለልጁ ያደላሁለት መስሎኝ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ነው፣ በሦስተኛ ዓመቱ ልክ በዕለቱ መሆኑ የገባኝ ግን ኋላ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ አንድ እናት ተቀመጡ። ባዶ ሰሃን በፌስታል ይዘዋል። ከፊት ላለችው ሴት ሲያወሩ ነው የሰማሁት፣ ልጄን ሰኞ ያዙብኝ፣ ከኮምቦልቻ በየቀኑ ምግብ አመላልሳለሁ፣ ሽሮው ሐረጎ ላይ ይቀዘቅዝብኛል፣ እያሉ። ከዛ ደግሞ "ዳኛው ልጅ ነው አሉ፣ አላህ ይስጠው፣ ፖሊስ አስራ አራት ቢል አስር ነው ያደረገልን" አሉ። እኔ ጉሙን አያለሁ።

ልጁ በቀጠሮው ሌላ ዳኛ ፊት ቀርቦ ክስ የለም ተብሎ ተፈታ፣ ረዳትነቱን ግን ሌላ ሰው ይዞት ጠበቀው።

ዝም የማለት መብት ምናምን የሚለውን በፊልም ስላያችሁት አልደግመውም። የዛሬ ልጆች ፖሊስ ሰው ሲይዝ ስልክ አውጥታችሁ ቲክቶክ ላይ ትለቃላችሁ፣ አንቀጽ 19ን ግን አንብቡ ብትባሉ ያዛጋችኋል። እኛስ አንብበን ምን ሠራን ካላችሁኝ መልስ የለኝም። ብቻ ሰው ሲያዝባችሁ ከለቅሶው በፊት ሰዓቱን ጻፉ፣ ማን እንዳየም ጻፉ። 48 ሰዓት አልፎ ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል፣ ፍርድ ቤት ሰውየው እንዲፈታ እንዲያዝ የሚጠየቅበት አለ፣ እዛው አንቀጽ 19 ንዑስ 4 ላይ፣ አቀራረቡ ደግሞ 1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ 177 ላይ ነው፣ ዘመድም ስለ ታሳሪው ሆኖ ማመልከት ይችላል። ለኒያ እናት ይሄን የነገራቸው ሰው አልነበረም፣ የሚያውቀው ሰው ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ሁሉም መብት አለቀ የምትሉም አላችሁ፣ ብዙው ሊታገድ ይችላል፣ አንቀጽ 18 ግን፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው፣ ስለ አስቸኳይ ጊዜ በሚደነግገው አንቀጽ 93 እንኳ አይነካም።

ከፖሊስ ጋር አትጨቃጨቁ፣ በጨዋ ደንብ ሂዱ። ችሎት ፊት ግን ዳኛው ቆይ ቢላችሁም ቀኑን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ያ ልጅ "ሰኞ ነው!" ብሎ ቢጮህ እኔ እንኳ አፍሬ እጠይቅ ነበር፣ ወይም ደግሞ ችሎት ደፈረ ብዬ እጨምርበት ነበር፣ እንጃ።

ልጅቷ ይሄን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ ሴትየዋን አላነጋገሯቸውም?" አለችኝ። ሂሳባቸውን ከፈልኩላቸው፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ፌስታላቸውን ተቀብዬ አወረድኳቸው፣ መረቁኝ።