መኪናው ወጣ፣ ሽጉጡ ጣቢያ ቀረ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የወንድምሽ ፒካፕ ሰቃ መንገድ ላይ ተጋጭቶ በክሬን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተጎተተ። እሱ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። መኪናውን በውክልና አወጣሽው፣ ወንበር ሥር የነበረውን ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ግን "ለአንቺ አንሰጥም" አሉሽ። በውክልናው ሽጉጡንም ማውጣት ይቻላል ወይ ነው የምትይው። ከሥር "ሰው አለኝ፣ ትንሽ ነገር ካሰብሽ ነገውኑ ይወጣል" ያለሽንም ሰውዬ አይቻለሁ። እባክሽ እዛ ነገር ውስጥ አትግቢ።

አጭሩ መልስ አትችይም ነው። እንኳን ሊከለክሉሽ፣ ቢሰጡሽም አትቀበይ።

ረጅሙን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔም እዚሁ ጅማ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። የቡና ሥራ ላይ ነኝ፣ በወቅቱ ገንዘብ ይዤ ስለምንቀሳቀስ ሽጉጥ አለኝ፣ ፈቃዱም በስሜ ነው። አንድ ክረምት ከአጋሮ ስመለስ አይሱዙ ከኋላ ገጭቶኝ መኪናዬ ቦይ ውስጥ ገባች። የኛን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ፊት ለፊትሽ ያለው ሰው እንኳን አይታይም። ትራፊኩ ሲደርስ ገና ክሬኑ ሳይመጣ "መኪናው ውስጥ ሽጉጥ አለ፣ ፈቃዱ ይኸው" አልኩት። እጄን ወደ ዳሽቦርዱ አልሰደድኩም። እሱ ሌላ ፖሊስ ጠርቶ አብረው አወጡት። ባለቤቱ ቀድሞ የተናገረው መሣሪያና ሲፈተሽ የተገኘ መሣሪያ መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ አንድ አይመስሉም። የእናንተ ነገር ያለፈ ስለሆነ ለሌሎቹ አንባቢዎች ብዬ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ሰው ሁሉ የሚምታታበት ቦታ እዚህ ጋ ነው፤ መኪናውና ሽጉጡ አብረው ይጎተቱ እንጂ አብረው አይወጡም። መኪናው የትራፊክ ጉዳይ ነው። ፕላን (የአደጋው ንድፍ) ከተነሳ፣ ሊብሬውና ሦስተኛ ወገኑ ከተሟላ፣ የክሬኑም ከተከፈለ ይለቀቃል። ሽጉጡ ግን ወደ ምርመራ ሄዶ ኤግዚቢት ክፍል፣ ማለትም የተያዘ ዕቃ የሚጠበቅበት ክፍል፣ ይቀመጣል። ስለዚህ የትራፊኩን ቢሮ ደጅ መጥናት ጊዜ ማቃጠል ነው፣ እነሱ ሊሰጡሽ ቢፈልጉም እጃቸው ላይ የለም። መጠየቅ ያለብሽ "መርማሪው ማን ነው? መዝገብ ተከፍቷል? የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው?" ብለሽ ነው።

ውክልናው ለምን እንደማይሠራ ደግሞ እንዲህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ማለትም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየው ነው። በውክልና ቤት ይሸጣል፣ መኪና ይወጣል። ሽጉጥ ግን ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ ከገባ ሕገ ወጥ ነው፣ የእህትም እጅ ቢሆን። ከጣቢያው በር ወጥተሽ ኮቺ ቤትሽ እስክትደርሺ፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጠሽ፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ንጹሑን ነገር ወንጀል ታደርጊዋለሽ ማለት ነው። ያ "ሰው አለኝ" ያለሽ ልጅ ያን ጊዜ ስልኩን እንኳን አያነሳም።

አንቺ ማድረግ የምትችይው ሽጉጡ በደንብ ተመዝግቦ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ይሄ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። ማመልከቻ ጻፊ፦ ባለቤቱ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ድኖ ራሱ ቀርቦ እስኪረከብ ድረስ በጥንቃቄ ይቆይልን፣ የተያዘበት ዝርዝርም ይሰጠን። የፈቃዱን ኮፒና የሆስፒታሉን ወረቀት አያይዢ። የሥራ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ቢጻፍ ይፈጥናል፣ ካልቻልሽ ቢሮዎቹ አካባቢ ያሉት ጸሐፊዎች ይጽፉልሻል። ሁለት ኮፒ አድርጊና አንዱ ላይ "ተቀብያለሁ" አስብለሽ ቀን አስጽፊ፣ ፊርማና ማኅተም አስደርጊ። ያለዚያ በሚቀጥለው ስትሄጂ ማመልከቻሽን አየሁ የሚል ሰው አታገኚም። እኔ የሄድኩበት ቦታ ቁልፍ የያዘው ሰው ሁሌ ስብሰባ ላይ ነበር፣ መዝገቡን የሚያውቀው ደግሞ ተረኛ አልነበረም። የቆምኩት ያቺን ማኅተም ያለባትን ወረቀት ይዤ ነው።

ዝርዝሩን ስጡኝ ማለት ውለታ መጠየቅ አይደለም። ፖሊስ በፍተሻ የያዘውን ንብረት እንዲዘረዝር የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም ያዛል። ዝርዝሩ ላይ "አንድ ሽጉጥ" ብቻ ከተጻፈ አትቀበይ። ዓይነቱ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የካዝናው (የጥይት መያዣው) ብዛት፣ የጥይቱ ብዛት፣ ማህደር (የሽጉጥ ማንገቻ) ካለውም እሱ ይጻፍ። የኔ ላይ ጥይቱ ሳይጻፍ ቀርቶ ነበር፣ እዛው ቆሜ አስጨመርኩ።

ቁጥሩን በተለይ። የኔ ሽጉጥ አሮጌ ነው፣ ቁጥሩ ላይ ቅባትና አቧራ ተጋግሮበታል። መዝጋቢው በመስኮት ብርሃን አይቶ 3ቱን 8 ብሎ ጻፈው። ፈቃዱ ላይ 3 ነው። በአንዲት ቁጥር ምክንያት መሣሪያው "ፈቃድ የሌለው ሌላ ሽጉጥ" ሊሆን ነበር! ቤንዚን የነካ ጨርቅ አምጥተው ጠረጉት፣ እኔ በስልኬ ባትሪ አበራሁለት፣ እሱ ራሱ ፊደል በፊደል እያነበበ አስተካከለው። የወንድምሽን ፈቃድ አውጪና ከዝርዝሩ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዪ። ስሙንም እይ። ፈቃዱ በአማርኛ፣ የቀበሌ መታወቂያው በቁቤ ከሆነ አጻጻፉ አልገጥም ይላል፣ አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የፋይዳ መታወቂያ ካለው እሱንም ይዞ ይሂድ።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ሽጉጡ ለምን እንደተያዘ ነው። ለጥበቃ ብቻ ከተቀመጠ ነገሩ ቀላል ነው፣ ፈቃዱ ተጣርቶ በጣቢያው ኃላፊ ትእዛዝ ይመለሳል። በሽጉጡ ላይ የተከፈተ መዝገብ ካለ ግን መርማሪው ብቻውን አይወስንም፣ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው የሚኬደው። ክስ ከተመሠረተ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እስኪሰጥ ይቆያል፣ ያኔ ጠበቃ ያዙ። የናንተ መዝገብ የመኪና ግጭት ብቻ ከሆነ ሽጉጡ ለግጭቱ ማስረጃ አይሆንም፣ ይህንኑ ማመልከቻው ላይ በአንድ መስመር ጻፊው። ለኔ የሠራው እሱ መስመር ይመስለኛል። ዕድላችሁ ሆኖ ይነዳ የነበረው ወንድምሽ ራሱ ነው። ቅጥር ሹፌር ቢሆን ኖሮ "መሣሪያውን ለምን ለሌላ ሰው ተወው" የሚል ሌላ ጣጣ ይመጣ ነበር።

የፈቃዱን ማብቂያ ቀንም አሁኑኑ እዪው። እሱ ተኝቶ ሳለ የሚያልፍ ከሆነ፣ ፈቃዱን ለሰጠው ቢሮ የጣቢያውን ወረቀት ኮፒ አያይዛችሁ ቀድማችሁ አሳውቁ። ጊዜው ባለፈበት ፈቃድ ማንም መሣሪያ አያስረክበውም።

ሲሻለው በክራንችም ቢሆን ራሱ ይሂድ። ሐሙስ ግን አትሂዱ፣ ገበያ ነው፣ ግማሹ ፖሊስ ውጭ ነው የሚውለው። አንቺ ደግፈሽው ሂጂ፣ መሣሪያውን ግን አትንኪ። ጥይቱን አውጥተው ባዶ መሆኑን ራሳቸው ያሳዩት። ለኔ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ጥይቱን አንድ በአንድ ቆጥረው ነው ያስረከቡኝ። ከቆጠረና ቁጥሩን ካየ በኋላ ይፈርም፣ የርክክቡን ኮፒ ይያዝ። ከዛ በቀጥታ ወደ ቤት። እዚሁ ጅማ መርካቶ ጎራ ብሎ ቡና መጠጣት፣ እንኳን ለቀቁህ እያሉ ከሚጠብቁት ጓደኞች ጋር ቁጭ ማለት የሚባል ነገር የለም።

ነገ ሄደሽ ዝርዝሩን ከሰጡሽ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እዚሁ ንገሪን፣ እናይልሻለን። ፎቶ የምትለጥፊ ከሆነ ስሙንና የሽጉጡን ቁጥር ሸፍኚው።