ዝም ያለ ግሩፕ ይጥፋ ወይስ ይቆይ? ጥያቄና መልስ

የዕድር፣ የቀድሞ ተማሪዎችና በውጭ አገር የሚሠሩ ወገኖቻችን ግሩፖችን የሚመሩ አባላት ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግመው አቅርበዋል፤ ለወራት ማንም ያልጻፈበት ግሩፕ ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚል ነው። እንዲህ ያሉ ግሩፖችን ለብዙ ዓመታት በአድሚንነት ስላገለገልሁ፣ ካጠፋኋቸውም ካቆየኋቸውም የተማርሁትን ይዤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ግሩፕ ሞቷል የሚባለው ስንት ወር ዝም ሲል ነው? እኛ ስድስት ወር የሚል ደንብ ልናወጣ ነው።

መልስ፦ ደንቡን ባታወጡት እመርጣለሁ። በአገራችን ዝምታ ብዙ ጊዜ ከአባላቱ ፈቃድ ውጭ የሚመጣ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው የተለቀቁት በሐምሌ ነበር፤ ይህ ብቻውን አምስት ወር ይሆናል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከኢንተርኔት ተቋርጦ ቆይቷል፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት አልነበረም። የስድስት ወር ደንብ ያኔ ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሰዎቹ ኔትወርክ ሲመለስላቸው መጀመሪያ የሚያንኳኩት በር ተነቅሎ ይጠብቃቸው ነበር።

እኔ ከወሩ ቁጥር ይልቅ የምጠይቀው ጠባቂ አለው ወይ የሚለውን ነው። ዛሬ ማታ አንድ ሰው ቢጽፍ የሚያነብለት፣ አጭበርባሪ ቢገባ የሚያስወጣው አንድ ሰው እንኳ ካለ፣ ግሩፑ ዓመት ሙሉ ዝም ቢል በሕይወት አለ እላለሁ። ጠባቂ የሌለው ግን በየቀኑ መቶ መልእክት ቢገባበትም ያሰጋኛል።

ጥያቄ፦ ማንም የማይጽፍበትን ማቆየት ለማን ይጠቅማል?

መልስ፦ ያየሁትን ልንገርዎ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን የከፈቱት ግሩፕ ነበረን። አብዛኞቹ ወደ አገር ሲመለሱ ጸጥ አለ፤ እኔም ላጠፋው ተነሥቼ ሳለ አንዲት አባል «ምን ቸገረህ፣ ይቀመጥ» ብላ አስቆመችኝ። ከአሥራ አራት ወር ዝምታ በኋላ አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «እህቶቼ፣ አሠሪዬ ፓስፖርቴን ይዞብኛል፣ ደመወዝም ከልክሎኛል፤ ወደ ማን ልሂድ?» የሚል ጽሑፍ ገባ። ከላይ ፒን ተደርጎ የቆየ አንድ መልእክት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ችግር ውስጥ ያለፈች ሴት ወደ ቆንስላው እንዴት እንደሄደች፣ በየትኛው በር እንደገባች፣ የፓስፖርቷ ፎቶ ኮፒ በስልኳ መኖሩ እንዴት እንደረዳት አንድ በአንድ ጽፋው ነበር። ልጅቷ መልስ የሚሰጣት ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሣ አንብባዋለች። ጠዋት ስንነሣ የጠየቀችን መልእክቱ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር እስካሁን ይሠራ እንደሆነ ብቻ ነበር። ያንን ግሩፕ ለማጥፋት ተነሥቼ እንደነበር ሳስታውስ እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።

ጥያቄ፦ የእኛ ሠፈር ልጆች ግሩፕ አድሚኖች ጠፍተዋል። አሁን የሚገባው «ገንዘብዎን በሳምንት እጥፍ እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብቻ ነው። ይህም ይቆይ?

መልስ፦ አይቆይ። ሰው በማያውቀው ቦታ የማያምነውን ነገር፣ የአክስቱ ልጅ ባስገባው ግሩፕ ውስጥ ሲያየው ያምናል፤ አጭበርባሪዎቹም የሚፈልጉት ይህንኑ የተጠራቀመ መተማመን ነው። ከአድሚኖቹ አንዱን እንኳ በስልክ ማግኘት ከቻላችሁ፣ አስቀድሞ አባላት መልእክት እንዳይልኩ ያድርግና ማስታወቂያዎቹን ያጽዳ፤ የማጥፋቱ ነገር ከዚያ በኋላ በእርጋታ ይታያል። ማንንም ካላገኛችሁ አዲስ ግሩፕ ክፈቱ፤ የአሮጌው አባላት እንዲወጡም በተለይ ለአዛውንቶቹ ለእያንዳንዳቸው ደውላችሁ ንገሩ።

ጥያቄ፦ በመዝጋትና በማጥፋት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ በቴሌግራም አድሚኑ የአባላትን የመጻፍ ፈቃድ ሲያነሣ የቀድሞው ሁሉ እየተነበበ ይቆያል፤ ሐሳቡን ሲለውጥም መልሶ ይከፍተዋል። ባለቤቱ ግሩፑን ሲያጠፋ ግን ከሁሉም ስልክ ይጠፋል፤ መመለሻም የለውም። ፌስቡክም ግሩፕን ለጊዜው የማቆም አማራጭ አለው። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ይዘጋ።

ጥያቄ፦ ለማጥፋት ከወሰንን ምን እናስቀር?

መልስ፦ ያሁ የተባለው ኩባንያ የከፈተውን የውይይት ግሩፖች አገልግሎት፣ የያሁ ግሩፕስን ነገር አስታውሱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ለሃያ ዓመት ገደማ የተከማቸውን ጽሑፍና ፎቶ ሊያጠፋ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ በመጀመሪያ የሰጠው ጊዜ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም ነበር። ጩኸት ሲበዛ ቅጂ መጠየቂያው እስከ ጥር 2020 መጨረሻ ተራዘመ። አርካይቭ ቲም የተባሉ በጎ ፈቃደኞች የቻሉትን ያህል ቢያድኑም፣ ያልዳነው ግን ጠፍቶ ቀርቷል።

እናንተ ግን ጊዜ አላችሁ። በኮምፒውተር በሚሠራው ቴሌግራም ላይ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚለውን ብትጫኑ ጽሑፉንም ፎቶውንም ወደ ፋይል ያወርድላችኋል። ሆኖም ሁሉ ነገር መቀመጥ አለበት አልልም። ለታመመ አባል ገንዘብ ስታዋጡ የተለጠፈ የሐኪም ወረቀት፣ የሕፃናት ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በአንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ለዘላለም እንዲኖር ማንም አልፈቀደም። እነዚህን አውጥታችሁ ሌላውን አስቀሩ፤ የዕድሩን የመዋጮ መዝገብ ግን ክርክር ሊነሣበት ስለሚችል ሳትነኩ ያዙት።

ጥያቄ፦ ውሳኔው የማን ነው? ግሩፑን የከፈተው ሰው «የእኔ ነው» ይላል።

መልስ፦ ቁልፉ የእርሱ ነው፤ ጽሑፉ ግን የጻፉት ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሚታወቀው፣ ዩዝኔት በተባለው የኮምፒውተር መረብ የውይይት መድረክ፣ ዋና ዋናዎቹን የውይይት ቡድኖች የሚያስተዳድረው ቦርድ አንድን ቡድን ከዝርዝሩ ከማውጣቱ በፊት ሐሳቡን አስቀድሞ ለውይይት በይፋ ያወጣል። ከወሰነም በኋላ እያንዳንዱ የሰርቨር (መልእክቶቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር) አስተዳዳሪ ቡድኑን ማውጣት ወይም ማቆየት ይችላል። እኛም ቢያንስ ማስታወቂያ ለጥፈን አንድ ወር እንጠብቅ፤ አንድ አባል «ይቆይ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» ካለ አድሚንነቱን ለእርሱ እንስጠው።

ጥያቄ፦ የእኛ ግሩፕ ባለቤት አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርና ስልካቸውም ተዘግቷል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሌላ አድሚን ካለ፣ በተሰጠው ፈቃድ መጠን ማጽዳትም አባላትን ማስተናገድም ይችላል፤ ለጊዜው ይህ ይበቃችኋል። በሕይወት ያላችሁ ባለቤቶች ግን ከወዲሁ ሁለተኛና ሦስተኛ አድሚን ሹሙ። በቴሌግራም ባለቤትነትን ለማስተላለፍ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ እርሱም ከበራ ቢያንስ ሰባት ቀን መሙላት ስላለበት፣ ያላበራችሁ ዛሬውኑ አብሩት።