ጥያቄና መልስ፦ ቂሮስ «የቀባሁት» የተባለው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 45ን ሳነብ እግዚአብሔር የፋርስን ንጉሥ ቂሮስን «የቀባሁት» ሲለው አገኘሁ። ጣዖት የሚያመልክ ንጉሥ እንዴት የተቀባ ይባላል? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እግዚአብሔር የመረጠው ቅዱስ ነው፤ ሐምሌ 8 የምናከብረውም እርሱን ነው» ትለኛለች። ሌሎች ደግሞ የሚወዱትን ባለሥልጣን «የዘመናችን ቂሮስ ነው፤ የተቀባውን መተቸት ኃጢአት ነው» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ሐምሌ 8 የምናስባቸው ጻድቁ አቡነ ኪሮስ ናቸው፤ መነኩሴ እንጂ የፋርስ ንጉሥ አልነበሩም። ጥር 15 በሰማዕትነቱ የሚታሰበው ሕፃኑ ቂርቆስም ሌላ ነው። ሦስቱ ስሞች ለጆሮ ስለሚቀራረቡ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ለንጉሡ ቂሮስ ዝክር አንዘክርም፣ ስለትም አንሳልም። ባልደረባሽን በዚህ ሳታስከፊያት ብታርሚያት መልካም ነው፤ ስሕተቷ የስም እንጂ የክፋት አይደለም።

የጥያቄሽ ልብ ያለው መቀባት በሚለው ቃል ላይ ነው። በዕብራይስጥ መሲሕ፣ በግሪክ ክርስቶስ የሚባለው ቃል ትርጉሙ የተቀባ ማለት ነው። በብሉይ ኪዳን ካህናትና ነገሥታት በዘይት ይቀቡ ነበር። የካህናቱ ቅብዐት በዘጸአት ምዕራፍ 30 ከነመጠኑ ተጽፏል፦ ከርቤ 500 ሰቅል፣ ቀረፋ 250፣ ጠጅ ሣር 250፣ ብርጉድ 500፣ የወይራ ዘይት አንድ የኢን መስፈሪያ። እዚያው ቁጥር 33 ላይ ከዚህ ቅብዐት በባዕድ ሰው ላይ የሚያፈስስ ከሕዝቡ ተለይቶ እንዲጠፋ ታዝዟል። ስለዚህ ነቢዩ ኢሳይያስ ቂሮስን የተቀባ ሲለው ካህን የዘይት ቀንድ ይዞ ወደ ፋርስ ወርዶ ቀባው ማለቱ አይደለም። ለአንድ ሥራ ተሾመ፣ ተለየ ማለቱ ነው። ይህም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1ኛ ነገሥት 19፥15 እግዚአብሔር ኤልያስን «አዛሄልን በሶርያ ላይ ንጉሥ እንዲሆን ቅባው» ብሎታል። አዛሄል ግን እስራኤልን ያስጨነቀ አሕዛባዊ ነበር። ኢየሩሳሌምን ያቃጠለውን ናቡከደነፆርንም በኤርምያስ 25፥9 «ባሪያዬ» ይለዋል። አፍራሹ ባሪያዬ ተባለ፣ አሳናጹ እረኛዬ ተባለ፤ ሁለቱም ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ።

ኢሳይያስ ራሱ ይህን በግልጽ ይነግረናል። በ45፥4 እና 5 እግዚአብሔር ቂሮስን ስለ ባሪያው ስለ ያዕቆብ በስሙ እንደጠራው፣ ቂሮስ ግን እንዳላወቀው ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ምርጫው ስለ ቂሮስ ጽድቅ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ጽድቁ በተጠቀሰ ነበር። ተረፈ ዳንኤል በሚባለው መጽሐፍም ቂሮስ ነቢዩን ዳንኤልን «ለቤል የማትሰግድ ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለጣዖቱ በየቀኑ 12 መስፈሪያ ዱቄት፣ 40 በግና 6 ማድጋ ወይን ይቀርብለት ነበር። ዳንኤል ወለሉ ላይ አመድ ነስንሶ 70ዎቹ ካህናት ከነቤተሰባቸው በስውር በር እየገቡ እንደሚበሉት ያጋለጠውም በዚያ ጊዜ ነው።

አሁን ታሪኩን በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከልደተ ክርስቶስ በፊት ያሉ ናቸው። ቂሮስ በ550 የሜዶንን ንጉሥ ድል ነሣ፤ ቀጥሎ የልድያን መንግሥት ያዘ፤ በ539 ሠራዊቱ ባቢሎን ገባ። በማግስቱ ዓመት አይሁድ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው ቤተ መቅደሱን እንዲሠሩ አዋጅ አወጣ። የአዋጁ ነገር በመጽሐፈ ዕዝራ በሁለት ቦታ አለ። ምዕራፍ 1 በአደባባይ የተነገረውን ይዟል። ምዕራፍ 6 ከቁጥር 3 እስከ 5 ያለው ግን አሕምታ በተባለች የሜዶን ከተማ የተገኘው የመንግሥት መዝገብ ነው፤ የቤቱ ቁመት 60 ክንድ፣ ወርዱ 60 ክንድ፣ ሦስት ተራ ታላላቅ ድንጋይና አንድ ተራ እንጨት፣ ወጪውም ከንጉሡ ግምጃ ቤት ይላል። የወጪው ነገር ኋላ ላይ ሥራውን ያዳነው ነው፤ ከቂሮስ በኋላ የነገሠው ዳርዮስ መዝገቡን አስፈልጎ ሲያገኝ፣ ስለ ሥራው ጠይቀው ለእርሱ የጻፉለትን ሹማምንት ወጪውን ከወንዝ ማዶ (ከኤፍራጥስ ምዕራብ ካለው ግዛት) ግብር እንዲሸፍኑ አዘዛቸው።

ናቡከደነፆር የዘረፋቸውን ንዋያተ ቅድሳትም ግምጃ ቤት ኃላፊው ሚትሪዳጡ ለይሁዳ መስፍን ለሰሳብሳር ቆጥሮ አስረከበ። በዕዝራ 1፥9 እስከ 11 የተዘረዘሩትን ብትደምሪ 2,499 ይመጣል፤ ድምሩ ግን 5,400 ነው ይላል። አንዳንዶች በዚህ ይሰናከላሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ዕዝራ ካልዕ ብላ የምትቀበለው መጽሐፍ በግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ንባብ 1,000 የወርቅ፣ 1,000 የብር፣ 29 ጥና፣ 30 የወርቅ ሳሕን፣ 2,410 የብር ሳሕንና 1,000 ሌላ ዕቃ ይዘረዝራል፤ ድምሩም 5,469 ይላል፤ ልክ ይገጥማል። በጽሕፈት ሲተላለፍ አንዱ ዝርዝር ላይ ቁጥር መጉደሉን ይህ ያሳያል እንጂ ርክክቡ አልተደረገም አያሰኝም። ሁለቱን መጻሕፍት አስተያይቶ ማንበብ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

የተመለሱት 42,360 ነበሩ፤ ከነዚህ ሌላ 7,337 አገልጋዮች። በባቢሎን የቀሩትም ብዙዎች ናቸው። መንገዱ ቀላል አልነበረም፤ በኋላ ዘመን ካህኑ ዕዝራ ያንኑ ጉዞ በ4 ወር ነው የፈጸመው። የሕዝቡ መሪ ዘሩባቤልና ካህኑ ኢያሱ በመጀመሪያ መሠዊያውን ሠሩ፤ በሁለተኛው ዓመት መሠረቱን ጣሉ። ከዚያ ሥራው ቆመ። ብዙ ሰባኪ «ጠላት አስቆመው» ብሎ ያልፋል። ነቢዩ ሐጌ ግን ሕዝቡን ነው የገሠጸው፤ የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ ሳለ እናንተ በተሸለመ ቤት ትቀመጣላችሁን ብሎ። የንጉሥ ፈቃድ በእጃቸው ሳለ ወደ 16 ዓመት ያህል ተኝተዋል። ቤተ መቅደሱ ያለቀው በዳርዮስ 6ኛ ዓመት፣ አዳር በሚባለው ወር በ3ኛው ቀን፣ በ515 ነው። የቅጥሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ቅጥሩን ነህምያ በኋለኛው የፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ዘመን አሠራው፤ ቂሮስ አሠራው የሚለው የተለመደ ስሕተት ነው።

ስለ ቂሮስ እምነት ከተማሩ ወጣቶች የሚነሣ ሌላ ክርክር አለና አስቀድሜ ልመልስልሽ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. በባቢሎን ፍርስራሽ የተገኘና ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለ የሸክላ ጽሑፍ አለ። እዚያ ላይ ቂሮስ የመረጠው የባቢሎን አምላክ ማርዱክ እንደሆነ ይናገራል፤ የተማረኩ ጣዖታትንም ወደየቤታቸው እንደመለሰ ይገልጻል። ይሁዳን አይጠቅስም። «እንግዲያውስ ዕዝራ 1 ውሸት ነው» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ጽሑፉ ንጉሡ ለየሕዝቡ በየአምላካቸው ስም የመናገር ልማድ እንደነበረው ያስረዳል፤ ለኢየሩሳሌም የተናገረውም ከዚሁ ልማድ ጋር ይስማማል። እርሱ ፖለቲካውን አሰበ፤ እግዚአብሔር ደግሞ በኤርምያስ የተናገረውን 70 ዓመት ፈጸመ። የንጉሥ ልብ በእግዚአብሔር እጅ እንደ ውኃ ፈሳሽ ናት የሚለው የምሳሌ ቃል (21፥1) ይህን ማለቱ ነው።

አባቶች በቂሮስ ታሪክ ላይ ቆም የሚሉበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ እኔ ይህን ቦታ ሳልጠግብ ነው የማነብበው። በኢሳይያስ 45፥2 ለቂሮስ የተባለው «የናሱን ደጆች እሰብራለሁ፣ የብረቱንም መወርወሪያ እቈርጣለሁ» የሚል ነው። ይኸው ቃል በመዝሙር 106 «እስመ ሰበረ ኆኅተ ብርት፣ ወቀጥቀጠ መናስግተ ዘሐፂን» ተብሎ ይገኛል፤ ቤተ ክርስቲያንም ጌታ ወደ ሲኦል ወርዶ ነፍሳትን ስለማውጣቱ ትተረጉመዋለች። ቂሮስ የባቢሎንን ደጅ ከፍቶ ምርኮኞችን በሥጋ አስወጣ። አማናዊው የተቀባ ክርስቶስ ግን የሲኦልን ደጅ ሰበረ። ስለዚህ ቂሮስ ምሳሌ ነው፤ ምሳሌ ደግሞ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። ቂሮስ የፈታቸው ሰዎች ቤታቸውን ሠርተው ኋላ ሞቱ፣ እርሱም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ530 ሞተ።

ባለሥልጣንን «የዘመናችን ቂሮስ» ለሚሉት እንዲህ በያቸው። ቂሮስን ነቢይ አስቀድሞ በስም ጠራው፤ ዛሬ በስም የተጠራ ሹም የለም። ደግሞም መቀባት ከተግሣጽ አያስጥልም። ሳኦል በእውነተኛ ዘይት የተቀባ ነበር፤ ሳሙኤል ግን ፊት ለፊት ገሠጸው። ዳዊትም «እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጄን አላነሣም» እያለ በደሉን ከዋሻው ደጅ ላይ በአደባባይ ነገረው። እጅ አለማንሣትና አለመናገር አንድ አይደሉም።

ከእኛ የሚጠበቀው ጸሎቱ ነው። መጽሐፈ ባሮክ ምርኮኞቹ በኢየሩሳሌም ያሉት ስለ ናቡከደነፆር ሕይወት እንዲጸልዩ እንደለመኑ ይናገራል፤ ዳርዮስም በዕዝራ 6፥10 ለእርሱና ለልጆቹ እንዲጸለይ ለምኗል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ይህንኑ ጻፈ። በቅዳሴ ስለ ሀገርና ስለ ሹማምንት ሲጸለይ የምትወጂውንም የማትወጂውንም በልብሽ አስቢ።

ንባቡን ራስሽ መከተል ከፈለግሽ ኤርምያስ 25ንና 29ን አስቀድሚ፤ ከዚያ ኢሳይያስ 44፥24 እስከ 45፥13፣ ቀጥሎ ዕዝራ 1 እስከ 6፣ ምዕራፍ 5 ላይ ስትደርሺ ሐጌን ጨምሪበት። ምዕራፍ 4 ላይ ብዙ ሰው ይጠፋበታል፤ ከቁጥር 6 እስከ 23 ያሉት ደብዳቤዎች የኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ናቸውና ከቁጥር 5 በቀጥታ ወደ 24 እለፊ፤ ምዕራፍ 6ን ስትጨርሺ ተመልሰሽ አንብቢያቸው።