ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

የሕክምና ፊዚክስና የካንሰር ሕክምና የምትማሩት ደጋግማችሁ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። «ምስሉ ራሱ ቁጥር እየሰጠን ነው፤ ጨረሩን በዚያ ብንመራው ምን ይከለክለናል?» የሚከለክል የለም። እንዲያውም ዘመኑ የእናንተ ነው። ብቻ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳታጣሩ ታካሚ ላይ እንዳታውሉት።

ከቀላሉ ልጀምር። ሲቲ ስካን ላይ ውሃ 0 ነው፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000። የጨረሩን መጠን የሚያሰላው ሶፍትዌር ይህን ቁጥር ወደ ኤሌክትሮን ጥግግት ይቀይረዋል። ጨረሩ ሳንባና አጥንት ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚዳከም የሚያውቀው በዚያ ነው። የስካነሩን ኪሎቮልት ቀይራችሁ የመቀየሪያ ሰንጠረዡን ከረሳችሁ የአጥንቱ ስሌት ይዛባል። የብረት ዳሌ የተገጠመለት ሰው ምስል ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ይረጫሉ። እዚያ የምታነቡት ቁጥር የሰውዬው ሥጋ አይደለም።

ፔት ስካን ላይ ነገሩ ይብሳል። ኤስዩቪ የምንለው ቁጥር ዕጢው የተወጋውን ስኳር ምን ያህል እንደሳበ ይነግረናል። ስሌቱ ውስጥ ግን ክብደት አለ፣ የመርፌው መጠን አለ፣ ሰዓት አለ። ስኳሩ ላይ የተለጠፈው ጨረር አመንጪ፣ ፍሎሪን-18፣ በ110 ደቂቃ ግማሹ ያልቃል። መድኃኒቱ የተለካበት ክፍል ሰዓትና የስካነሩ ሰዓት በ10 ደቂቃ ቢለያዩ ቁጥሩ 6 በመቶ ገደማ ይሳሳታል። (የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት እያምታታን ላደግን ሰዎች ይሄ ቀልድ አይደለም።) ታካሚው ቁርስ በልቶ መጥቶ ይሆናል። መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ክንዱ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ይህን አይነግራችሁም፤ የወጋችው ነርስ ግን ታውቃለች። ሄዳችሁ ጠይቋት።

ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። በኔዘርላንድና በቤልጂየም የተካሄደውን የፍሌም ጥናት አንብቡት። 571 የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚዎች ነበሩበት። ለሁሉም ሙሉው ፕሮስቴት 77 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ35 ጊዜ ተከፋፍሎ ተሰጠ። ለግማሽ ያህሉ ግን በኤምአርአይ የታየው ዕጢ ላይ እስከ 95 ግሬይ እንዲደርስ ታቀደ። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ወጣ። ከ5 ዓመት በኋላ በሽታው ያልተመለሰባቸው ጭማሪውን ካገኙት 92 በመቶ፣ ካላገኙት 85 በመቶ ነበሩ። የጎንዮሽ ጉዳቱም ያን ያህል አልጨመረም። ፊንጢጣና ፊኛ እንዳይጎዱ የተቀመጠው የጨረር ገደብ ከጭማሪው ጋር ሲጋጭ የሚቀነሰው ጭማሪው ነበራ! ሰው ሁሉ 95ቱን ያወራል፤ እኔ ከጥናቱ የምወደው ይሄንን ነው።

ልብ በሉ፣ እዚያም ዕጢውን ያሰመሩት ምስሉን ያዩ ሐኪሞች ናቸው እንጂ ቁጥር ብቻውን አይደለም። አሁን ብዙዎቻችሁ የቋመጣችሁለት ኤዲሲ የሚባለው የኤምአርአይ ቁጥር ነው፤ ውሃ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ምን ያህል እንደልቡ እንደሚንቀሳቀስ የሚለካው። ሴሎች የታጨቁበት ዕጢ ውስጥ ዝቅ ይላል፤ ሕክምናው ሲሠራና ሴሎቹ ሲሞቱ ከፍ ይላል። ታዲያ በሦስተኛው ሳምንት 20 በመቶ ከፍ ቢል ዕቅዱን ትቀይራላችሁ? አንጎል ላይ ከሆነ ወሬው ደህና ነው፤ እዚያ ምንም ያልተለወጠ ሰው ሁለቴ ቢለካ የሚጠበቀው ልዩነት እስከ 11 በመቶ ነው። ፕሮስቴት ላይ ግን ይኸው ልዩነት እስከ 47 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ያው 20 በመቶ ፕሮስቴት ላይ ምንም ላይሆን ይችላል። ዕቅድ የምትቀይሩት ለእውነተኛ ሰው ነውና ይህን ልዩነት ሳታውቁ እንዳትቸኩሉ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ በኔዘርላንድ ከተማ ዩትሬክት እንዳለው ኤምአርአይና የጨረር ማሽን የተዳበሉበት መሣሪያ እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ያለው ኤምአርአይ ይበቃል፤ ብቻ ኤዲሲውን በትክክል መለካቱን እንዲህ ፈትሹ። የታሸገ ፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሙሉና ዙሪያውን በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ አድርጉ። ውስጡ 0 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቢፈጅ አትሰልቹ። በዚያ ሙቀት የውሃ ኤዲሲ በሰከንድ 0.0011 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ የኤምአርአዩ ማግኔት መሀል ላይ ለኩ፣ ቀጥሎ ወደ ዳር ራቅ አድርጋችሁ። ዳር ላይ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል፤ ዕጢው ደግሞ ሁልጊዜ መሀል ላይ አይቀመጥም። ካልገጠመላችሁ ድገሙት። አሁንም ካልገጠመ መሐንዲሱን ጥሩ፤ እስከዚያ ድረስ የዚያን ማሽን ኤዲሲ ወደ ሕክምና ዕቅድ እንዳታስገቡ።