ቤቱ አይሸጥ፤ ጀልባውን ግን አትተዪው

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ2024 (ዓመታቱን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ባርሴሎና ላይ የተካሄደውን አሜሪካስ ካፕ የተባለ የሸራ ጀልባ ውድድር በስልክሽ ካየሽ ወዲህ ልብሽ እዚያ ቀርቷል፤ የውድድር ጀልባ ከሚነድፉት ሰዎች አንዷ መሆን ትፈልጊያለሽ። ጡረተኛው አባትሽ ፍላጎትሽን አይተው «ቤቱን ሸጬ እንግሊዝ አገር የጀልባ ንድፍ ማስተርስ አስተምርሻለሁ» ብለውሻል። አጎትሽ በበኩላቸው ባንክ ቤት ቦታ አዘጋጅተው እየጠበቁሽ ነው። የጠየቅሽኝም ይህን ነው፦ የአባቴን ሐሳብ ልቀበል ወይ? ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ይህ ወደኋላ አያስቀረኝም ወይ? ውጤቴ 3.2 ነው፣ ይበቃኛል ወይ? ሴት መሆኔስ?

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ቤት ተሽጦላቸው ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች በየጊዜው ይጽፉልኛል፤ አብዛኞቹ የሚጽፉት ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። አንቺ ቀድመሽ ጽፈሻል።

ቤቱ አይሸጥ። አባትሽን አልወቅስም። በጡረታ ዘመናቸው ያላቸውን ብቸኛ ሀብት ለልጃቸው ትምህርት ለመስጠት የቆረጡ ሰው ክብር ይገባቸዋል። ቤቱ ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። እናትሽና ሁለት ታናናሾችሽ የሚኖሩበት ነው፤ ይህን በደብዳቤሽ መጨረሻ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሰሽ አለፍሽው፤ እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። አባት ሲሰጡ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። እዚህ ላይ እምቢ ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ እናትሽ «አይሆንም» ብትል የልጇን ዕድል የዘጋች ስለምትባል አፏን ይዛ ትቀመጣለች።

ሥራውንም እይው። የውድድር ጀልባ ቡድኖች መሐንዲስ የሚቀጥሩት በአብዛኛው ለአንድ የውድድር ዘመን ነው። ዋንጫው ሲጠናቀቅ ኮንትራቱም ይጠናቀቃል። ገንዘቡ የሚመጣው ከባለጸጎችና ከስፖንሰሮች ስለሆነ እነሱ ሐሳብ ሲቀይሩ ቡድኑ ይበተናል። ባርሴሎና ላይ ያየሽው የስዊዘርላንዱ አሊንጊ፣ ኔፕልስ ላይ በሚካሄደው ቀጣዩ ውድድር እንደማይሳተፍ በ2025 አስታውቆ ነበር፤ በኋላ ሌላ ስፖንሰር ይዞ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ መሐንዲሱ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ቡድን ወይም ሌላ ኢንዱስትሪ ፍለጋ ይሄዳል። መጠበቅ መቻል የዚህ ሙያ ግማሹ ነው። ቤቱ የተሸጠበት ልጅ ደግሞ መጠበቅ አይችልም። ቤተሰቡ ኪራይ ቤት ሆኖ እጁን ስለሚጠብቅ መጋዘንም ይሁን ሆቴል ያገኘውን ይይዛል፤ የጀልባው ነገር እዚያው ይቀራል።

ሌላው ምክንያቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከገንዘቡም ይበልጥብኛል። «የጀልባ ንድፍ» የሚል ዲግሪ ብቸኛው በር አይደለም። ጀልባን ፈጣን ያደረጉት ሰዎች ከየት እንደመጡ ተመልከቺ።

በ1983 አውስትራሊያ 2 የተባለችው ጀልባ፣ አሜሪካኖች ለ132 ዓመታት ሳያስነኩ የያዙትን የአሜሪካስ ካፕ ዋንጫ ኒውፖርት ላይ 4 ለ 3 አሸንፋ ወሰደች። ምስጢሯ ከሆዷ በታች ወደ ውሃው የሚወርደው፣ የመርከብ ሰዎች ኪል የሚሉት ክፍል ነበር፤ ጫፉ ላይ ሁለት ትናንሽ ክንፎች ነበሩት። ጀልባዋ በነፋስ ስታዘነብል ከኪሉ አንድ ጎን ግፊቱ ይበረታል፣ በሌላው ይቀንሳል፤ ውሃውም በጫፉ ዞሮ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው እየሸሸ ኃይል ያባክናል። ትናንሾቹ ክንፎች ያንን ሽሽት ይቀንሱታል። የአውሮፕላን ክንፍ ጫፍ ወደ ላይ ተቀልብሶ ያየሽው በዚሁ ምክንያት ነው። ንድፉ በቤን ሌክሰን ስም ይታወቃል፤ ነገር ግን ሞዴሉ የተፈተነው ሆላንድ ውስጥ በመርከብ መሞከሪያ ገንዳ ነው፤ የአገሪቱ የበረራ ምርምር ተቋም ባለሙያም እጁ አለበት። የማን ድርሻ ይበልጣል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ለአንቺ የሚጠቅመው ሐሳቡ ከአውሮፕላን ሰዎች ዘንድ መምጣቱ ነው።

በ2003 አሊንጊ ኦክላንድ ድረስ ሄዶ ኒውዚላንድን 5 ለ 0 ረታ። ስዊዘርላንድ እንደ እኛው ባሕር የላትም። እርግጥ ጀልባውን ከነዱት መካከል ከራሷ ከኒውዚላንድ የመጡ ስመ ጥር መርከበኞች ነበሩ። ከስሌቱ ጀርባ ግን የሎዛን ፖሊቴክኒክ ነበር፤ አልፊዮ ኳርቴሮኒ የተባሉ የሒሳብ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ውሃው በጀልባው ዙሪያ፣ ነፋሱም በሸራው ላይ እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒውተር አሰሉ። «ባሕር አይቼ አላውቅም» ላልሽው መልሴ ይኸው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጣና አጠገብሽ ነው፤ በምታገኚው ጀልባ ሁሉ ውጪ፣ ነፋስና ማዕበል ሲመጣ ምን እንደሚሰማሽ ጻፊ። ነድታ የማታውቅ ነዳፊ መርከበኛው የሚነግራት አይገባትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ በፍጥነት ነው የሄደው። በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተወዳደሩት ባለ ሁለት አካል ጀልባዎች ፎይል በተባለው የውሃ ውስጥ ክንፍ ላይ ቆመው ከውሃው በላይ በረሩ፤ 8 ለ 1 ወደኋላ ቀርቶ የነበረው የአሜሪካ ቡድን በውድድሩ መካከል ጀልባውን እያስተካከለ 9 ለ 8 አሸነፈ። በ2017 ኒውዚላንዶች ሸራውንና ፎይሉን የሚያዘውን ሃይድሮሊክ በእጅ መዘውር ሳይሆን በብስክሌት ፔዳል አንቀሳቀሱት፤ የእግር ጡንቻ ከክንድ ይበልጣልና። ለ2021ዱ ውድድር ሲዘጋጁ ኮምፒውተሩ ራሱ ሲሙሌተር በሚባለው የምስለ ጉዞ መሣሪያ ላይ ጀልባ መንዳት እንዲማር አደረጉ፤ መርከበኞቹ ሳይኖሩም አዲስ ፎይል ሌሊት ከቀን መፈተን ተቻለ። አንቺ ያየሽው የእንግሊዝ ቡድን የመርሴዲስ የፎርሙላ ዋን መሐንዲሶችን ይዞ ነው ባርሴሎና የገባው። አውሮፕላን፣ ሒሳብ፣ ሶፍትዌር፣ መኪና። እነዚህ በሮች ሁሉ ለሜካኒካል ተማሪ ክፍት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አሉ።

ስለዚህ ዘንድሮ ምን ትሠሪ? ስሌት። ቀላሉን ላሳይሽ። አንድ ሰው የምትይዝ ትንሽ ጀልባ አስቢ፤ ከነሰውየዋ 100 ኪሎ ትመዝን፤ 981 ኒውተን ማለት ነው። በሰከንድ 4 ሜትር ስትጓዝ ከውሃው እንድትነሳ ትፈልጊያለሽ። የውሃ ዴንሲቲ በሜትር ኪዩብ 1000 ኪሎ ነው፤ ግማሹን በፍጥነቱ ካሬ ስታባዢ 8000 ፓስካል ይሰጥሻል። የፎይሉ የማንሳት ኮፊሸንት፣ ማለትም ክንፉ ምን ያህል እንደሚያነሳ የሚገልጸው ቁጥር፣ 0.8 ከሆነ በካሬ ሜትር 6400 ኒውተን ያነሳል። ስለዚህ 0.15 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ አንድ ሜትር ርዝመትና 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ። አሁን ፍጥነቱን እጥፍ አድርጊው። ያው ክንፍ በያው ዝንባሌ አራት እጥፍ ያነሳል፤ ክብደቱ ግን አልጨመረም። ዝንባሌውን ብትቀንሺም ትርፉ ስፋት ውሃ ውስጥ እየተጎተተ ፍጥነትሽን ይበላል። ለመነሳት ትልቅ ክንፍ፣ ለመፍጠን ትንሽ ክንፍ ያስፈልጋል፤ ባለ 75 ጫማዎቹን የአሜሪካስ ካፕ ጀልባዎች የሚነድፉትም ቀን ከሌት የሚከራከሩት በዚሁ ነው። ፍጥነቱ ወደ 50 ኖት (በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲጠጋ ደግሞ በክንፉ ጀርባ ግፊቱ በጣም ወርዶ ውሃው እዚያው ይተናል፤ ክንፉም መያዣ ያጣል። ሴይልሮኬት የተባለችው ጀልባ በ2012 ናሚቢያ ዋልቪስ ቤይ ላይ 500 ሜትሩን በአማካይ 65.45 ኖት የሄደችው፣ ፎይሏ ለዚያ ፍጥነት ታስቦ በተለየ ቅርጽ ስለተሠራ ነው። በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ነው፤ በነፋስ ብቻ።

ለዚህ ሥራ የምትከፍዪው ሶፍትዌር የለም። የክንፍ ቅርጽ የሚያሰላው ኤክስፎይል ነፃ ነው፤ የጻፉት ማርክ ድሬላ የኤምአይቲ የበረራ ምህንድስና ፕሮፌሰር ናቸው፤ በ1991 በእግር የሚረገጥ ባለ ፎይል ጀልባ ይዘው 18.5 ኖት የሄዱትም እሳቸው ናቸው። የፈሳሽ ፍሰት የሚያሰላው ኦፕንፎምም ነፃ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ከጣና አውጪው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በእኩል የነፋስ ፍጥነት ሸራ የሚያገኘው ኃይል ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው ከ15 በመቶ በላይ ያንሳል። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው። ስለዚህ ለኦክላንድ የተመጠነ ሸራና ፎይል ለጣና አይስማማም። ምን ያህል ሸራ ይጨመር? የተጨመረው ሸራ ጀልባዋን ሲያዘነብላት ምን ይደረግ? ይህን በቁጥር ሠርተሽ፣ ትንሽ ሞዴልም ውሃ ላይ ጎትተሽ ቁጥርሽን ከልኬቱ ጋር ብታስተያዪ፣ የትኛውም ፕሮፌሰር ቁጭ ብሎ ያነብልሻል። ሞዴሉን ስትጎትቺ በትክክል የሚለካ የምንጭ ሚዛን ተጠቀሚ። የስሌቱና የልኬቱ ልዩነት ትልቅ ቢሆን አትደብቂው፤ ለምን እንደተለያዩ የምትጽፊው ገጽ ከሁሉም ገጾችሽ ይበልጣል።

ቀጥሎ እጅ። የዛሬ የውድድር ጀልባ ካርቦን ፋይበር ነው፤ ካርቦን ደግሞ ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚበረታው። ጭነቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው ውድ ዕቃ ያባክናል። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የሠራሁት በአውሮፕላን ጥገና ነው። እዚያ ጀማሪ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የአካሉን ቆዳ በሳንቲም መታ መታ እያደረጉ ማዳመጥ ነው። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ንብርብሩ ከውስጥ የተላቀቀበት ሲደረስ ድምፁ ይደፈናል፤ ዓይን እዚያ ቦታ ላይ ምንም አያይም። የፎይል ጉዳትም እንዲሁ ከውስጥ ሊጀምር ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 ከአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት፣ ማለትም እንደ ካርቦን ፋይበር ያለ በሙጫ የተያያዘ የክር ንብርብር ነው፤ ስለዚህ ይህ ሙያ አገር ውስጥ አለ። ስትመረቂ መጀመሪያ የምታመለክቺው ለእንዲህ ያለ ወርክሾፕ ይሁን። ደመወዝ እየተከፈለሽ ትማሪያለሽ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ስትቆዪ ስሌትም ወርክሾፕም የምታውቂ መሐንዲስ ትሆኛለሽ። የጀልባው ነገር ባይሳካ እንኳ ሥራ አታጪም።

ማስተርሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ እሱም በስኮላርሺፕ። ኤራስመስ ሙንደስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያውንም የኑሮውንም ይሸፍናል፤ በመርከብ ንድፍ ላይ ያተኮሩ ፕሮግራሞችም ኖረውታል፤ በየዓመቱ ዝርዝሩን ተመልከቺ። አንድ ጊዜ ባይሳካ ደግመሽ አመልክቺ። ቤትሽ ቦታው ላይ ነው፤ መጠበቅ ትችያለሽ።

አባትሽን ስታናግሪ «አልፈልግም» አትበዪ፤ ይከፋቸዋል። ይህን የጻፍኩትን አሳዪአቸው፤ ለቲኬትና ለማመልከቻ ወጪ ሲመጣ እንደምትጠይቂአቸው ንገሪአቸው። መርዳት ነው የፈለጉት፤ የሚረዱበት ቦታ ስጪአቸው።

የቀሩትን ባጭሩ። 3.2 ከጥሩ ፕሮጀክት ጋር ይበቃል፤ ያለ ፕሮጀክት 3.7ም ብዙ አይራመድም። የፈሳሽ ሜካኒክስና የሒሳብ ኮርሶችሽ ላይ ግን ዝቅ ያለ ውጤት ካለ ዘንድሮ አሻሽዪው። ሴት ስለመሆንሽ፣ ባርሴሎና ላይ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የሴቶች አሜሪካስ ካፕ ተካሂዶ ጣሊያኖቹ አሸንፈዋል፤ በሩ ተከፍቷል፣ ግቢበት።

የአጎትሽን ባንክ በተመለከተ፣ አመስግነሽ ተዪው። ገቢው መልካም ነው። ነገር ግን እንዳንቺ ያሉ መሐንዲሶች ባንክ ገብተው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ስሌቱ ከእጃቸው ሲወጣ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወደ ወርክሾፕ የሚመልሳቸው የለም። ከተመረቅሽ በኋላ ወራት አልፈው የሙያሽ ሥራ ካልተገኘ ግን ቤት ከመቀመጥ ባንኩን ያዢ፤ ማመልከቻሽን ሳታቋርጪ፣ ምሽቱን ለኦፕንፎም ሰጥተሽ። የፎይሉን ስሌት ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።