የአሳማ ቫይረሶች ሲዳቀሉ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሳማ ቫይረሶች መዳቀል ጠይቃችሁኝ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ስለ ፒአርአርኤስ ነው፤ እናት አሳማን የሚያስወርደውና ግልገሉን ትንፋሽ የሚያሳጥረው በሽታ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቫይረስ እንዴት ይዳቀላል?
በመጀመሪያ አንድ አሳማ ውስጥ፣ ያውም አንድ ሴል ውስጥ መገናኘት አለባቸው። የፒአርአርኤስ ቫይረስ ዘረመል (የቫይረሱ መመሪያ የተጻፈበት ሰንሰለት) አርኤንኤ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ርዝመቱ ወደ 15,000 ፊደል ይሆናል። ዘረመሉን የሚቀዳው ኢንዛይም የአንዱን እየቀዳ መሃል ላይ ወደ ሌላኛው ይዘላል፣ መቅዳቱንም ይቀጥላል። የሚወጣው ቅጂ ከሁለቱም የተወሰደ ነው። አብዛኛው ድቅል እዚያው ይከሽፋል። አልፎ አልፎ ግን ከወላጆቹ የበረታ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የአሳማ ኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ ነው?
መንገዱ ይለያል። የእሱ ዘረመል 8 ቁራጭ ስለሆነ ቫይረሶቹ ቁራጮቹን እንዳሉ ይቀያየራሉ። እ.ኤ.አ. የ2009ኙ የኤች1ኤን1 ወረርሽኝ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ የክትባት ቫይረስም ይዳቀላል የሚባለው እውነት ነው?
አዎ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንማርክ ውስጥ የሁለት ሕያው የፒአርአርኤስ ክትባቶች (የተዳከመ ግን ያልሞተ ቫይረስ ያለባቸው) ቫይረሶች ተዳቀሉ። ድቅሉ የወንድ አሳማ ዘር የሚያከፋፍል ጣቢያ ገባ። ቫይረሱ በዘር ፈሳሽ ይተላለፋል፤ በአጭር ጊዜ ከ30 በላይ እርባታዎች ደረሰ።

ይህን ሰምታችሁ ክትባት እንዳታቆሙ አደራ! ያልተከተበ መንጋ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጅግ የከፋ ነው። ይልቅ በአንድ እርባታ አንድ ዓይነት ሕያው ክትባት ብቻ ተጠቀሙ። ለመቀየር ካሰባችሁ ከእንስሳት ሐኪማችሁ ጋር ተመካከሩ። አሳማ ስትገዙም «በየትኛው ክትባት ነው የተከተበው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪው «የተለመደው ዝርያ ነው» አለኝ። በረቴ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ሞት አይቼ አላውቅም። ማንን ልመን?
ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። ዝርያውን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚነበበው ኦአርኤፍ5 የሚባለው ጂን ነው፤ ወደ 600 ፊደል ብቻ። ቅይጡ በሌላው ክፍል ላይ ካለ በዚህ አይታይም። ስለዚህ ሙሉው ዘረመል እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ናሙናው ትኩሳት ከያዘው አሳማ ቶሎ ይወሰድ፤ ሳይሞቅም ይድረስ። አርኤንኤ በቀላሉ ይበላሻል፤ ከተበላሸ ሙሉ ንባብ አይገኝም።

ጥያቄ፦ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳትስ?
የእሱ ቫይረስ ዘረመል አርኤንኤ ሳይሆን ዲኤንኤ ነው፣ ግን ከመዳቀል አልቀረለትም። ዓይነት 1 እና ዓይነት 2 የሚባሉት የቫይረሱ ዝርያዎች ድቅል ቻይና ውስጥ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። በጣም ያሳሰበኝ፣ ከዓይነት 2 የተሠራ ሕያው ክትባት በሙከራ ከድቅሉ አለመከላከሉ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ይይዛል?
ፒአርአርኤስም የአፍሪካ አሳማ ትኩሳትም ሰውን አይዙም። ኢንፍሉዌንዛው ግን ሊይዝ ይችላል። የሚያስል አሳማ ጋ ስትገቡ ማስክ አድርጉ፤ እናንተ ጉንፋን ከያዛችሁም በረት አትግቡ፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛም ወደ አሳማ ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ እኔ ምን ላድርግ?
ሁለት ቫይረስ አንድ አሳማ ላይ እንዳይገናኝ ማድረግ ነው። አዲስ የገባውን ለብቻው አቆዩት፣ አስመርምሩትም። ዕድሜው የተለያየ አሳማ አትቀላቅሉ። አንዱ ቡድን ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በረቱ ታጥቦ ሳይደርቅ ሌላ አታስገቡ።